የበረሃ ጽጌረዳ አዲስ አበባ ላይ፦ ክረምት ሊገባ ነው፣ ውሃውን እንዴት ላድርገው?

በረንዳ ጀሞ (ግንቦት 19)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። በቅርቡ የበረሃ ጽጌረዳ በስጦታ መጣልኝ። ከሥሩ ያበጠ ግንድ አለው፣ ከላይ ደማቅ ሮዝ አበባ። ቤቴ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። በረንዳው ጠዋት ጥላ ነው፣ ከቀትር በኋላ ግን ፀሐዩ እስኪጠልቅ ይመታዋል።

ያስቸገረኝ የምክሩ ብዛት ነው። የሸጠችው ልጅ በሳምንት ሁለቴ አጠጪ ብላለች። ጎረቤቴ «የበረሃ ነገር ነው፣ በወር አንዴ ይበቃዋል» ትላለች። ዩቲዩብ ላይ ያየሁት ሰውዬ ደግሞ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ዋናው የማደጊያ ወቅት ነው፣ ውሃውንም ማዳበሪያውንም ጨምሩ ይላል። ማንን ልስማ?

አሁን ከታች ያሉት ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ ነው። አፈሩ ጥቁር ነው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሌላው ደግሞ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ አለችኝ። ተክሉ መርዝ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ችግኝ አፍዪ (ግንቦት 19)

እህቴ፣ መጀመሪያ ዩቲዩቡን ዝጊው። ሰውዬው አልዋሸም። ግን የሚያወራው ስለ ራሱ አገር ነው። ታይላንድ ወይም ፍሎሪዳ ያለ ሰው ሐምሌ ሲል ላብ የሚያስጠምቅ ሐምሌ ነው። የኛ ሐምሌ ሹራብ የሚለበስበት ነው። አዲስ አበባ ላይ በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ብዙም ከፍ አይልም። ሰማዩ ጥቁር ነው፣ አየሩም እርጥብ። ይሄ ተክል በዚያ አየር አያድግም። ያላደገ ተክል ውሃ አይጠጣም። ያልተጠጣ ውሃ ደግሞ አፈሩ ውስጥ ተኝቶ ሥሩን ያበሰብሳል።

እኔ ችግኝ ላይ ስውል በጣም ብዙ የሞቱ የበረሃ ጽጌረዳዎች ይመጡልኛል። ሰዎች «አድንልኝ» ብለው ይዘው ይመጣሉ። ሁሉም ማለት ይቻላል ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም ነው የሚመጡት። በጥም የሞተ ይዞ የመጣ ሰው አላስታውስም።

ስለዚህ በቀን አትቁጠሪ። በሁለት ነገር ሂጂ። አንደኛ፣ አፈሩ እስከ ታች ድረስ ደርቋል ወይ? የጥርስ መፋቂያ የሚያህል ረጅም ስንጥር እስከ ታች አስገቢና አውጪው። እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ አታጠጪ። ሁለተኛ፣ ሌሊቱ ሞቃት ነው ወይ? ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች እየወረደ ከሆነ ተክሉ ተኝቷል። የተኛን አታብሉት።

አዲስ አበባ ላይ እውነተኛው የማደጊያ ጊዜ ከየካቲት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ አፈሩ በደረቀ ቁጥር ከታች ባለው ቀዳዳ እስኪፈስ ድረስ አጠጪው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከዝናብ ሥር አውጪው፣ ውሃውንም በጣም ቀንሺ። ከጥቅምት እስከ ጥር ቀኑ ፀሐይ ነው፣ ሌሊቱ ግን ቁር ነው። ያን ጊዜ ቀኑ ሲሞቅ ትንሽ፣ ጠዋት ላይ ብቻ።

ስለ ጥቁር አፈሩ፦ ችግሩ እሱ ነው። የቢጫውም ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። መረሬ አፈር ውሃ ይዞ አይለቅም። ሲደርቅ ደግሞ ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል። ክረምቱ ሳይገባ አሁኑኑ ቀይሪው።

የድሬ ልጅ (ግንቦት 20)

አቦ እናንተ ሰዎች ይሄን ተክል እንደ በሽተኛ ነው የምትይዙት! እኛ ጋ ከከተማ ወጣ ስትል ድንጋይ ላይ በቅሎ ታገኘዋለህ። በሐረርጌ ቆላ አለ፣ በኦጋዴን አለ፣ በቦረና አለ፣ በአፋርም አለ። ማንም አያጠጣውም። በበጋ ቅጠሉን በሙሉ አራግፎ ዱላ ብቻ ሆኖ ይቆምና፣ ደርቋል ስትል ያለ አንድ ቅጠል አበባ በአበባ ይሆናል።

ግን አንድ ነገር ልቃወም። «የበረሃ ነው፣ ውሃ አይወድም» የሚለው ወሬ ውሸት ነው። ድርቅ ይችላል እንጂ ድርቅ አይወድም። እኔ ግቢ ያሉትን በሙቀቱ ጊዜ በአንድ ቀን ልዩነት ነው የማጠጣቸው። ይጠጣሉ! ግንዳቸው የወፈረው በዚያ ነው። በወር አንዴ ብጠጣ አልሞትም ማለት በወር አንዴ ይበቃኛል ማለት አይደለም።

ችግኝ አፍዪ (ግንቦት 20)

ድሬ፣ ልክ ነህ። አልተጣላንም። ያንተ ሌሊት ከኛ ቀን ይሞቃል። ያንተ አፈርም አሸዋ ነው። ያንተን ውሃ አዲስ አበባ ላይ ብትሰጠው በሁለት ሳምንት ይበሰብሳል። የአዲስ አበባውን ውሃ ድሬ ላይ ብትሰጠው አይሞትም፣ ግን አያድግም፣ አያብብም። በወር አንዴ የምትለው ጎረቤት ለነሐሴ ልክ ናት። ለመጋቢት ግን ተክሉን ማስራብ ነው።

የሻርጃ ሰገነት (ግንቦት 20)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ያለሁት ኤምሬትስ ነው። እዚህ ችግኝ ቤት ሁሉ ይሸጣል፣ ርካሽም ነው። የመንገድ ዳር ላይ ሳይቀር ይተክሉታል።

እዚህ ደግሞ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የቀኑ ሙቀት 45 ሲደርስ እሱም ይቆማል። ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄንን ነው። ግንዱና ቅርንጫፉ ፀሐይ ይችላል። የማይችለው ፖቱ ነው። ጥቁር ፕላስቲክ ፖት ሰገነት ላይ ሲግል ሥሩ ውስጥ ይቀቀላል። እኔ ፖቱን ሌላ ሰፋ ያለ ፖት ውስጥ አስቀምጬ መሃሉን በጠጠር ሞላሁት። ከዚያ ወዲህ ደህና ነው።

ሌላው ውሃው ነው። እዚህ የጣሪያ ታንከር ውሃ በቀትር እጅ ያቃጥላል። ውሃውን ማታ በባልዲ አሳድሬ ጎህ ሲቀድ ነው የማጠጣው። ኤሲው የሚተነፍስበት አጠገብ ያስቀመጠች ጓደኛዬ ደግሞ ቅጠሉ በሙሉ ጠቁሮ ረገፈባት።

አባ ጨጓሬ የሚመስል ትልቅ አረንጓዴ ትልም ካያችሁ ወዲያው ልቀሙት። ኦሊያንደር ከሚባለው የመንገድ ዳር አበባ ላይ የሚኖር የእሳት ራት ልጅ ነው። የበረሃ ጽጌረዳ የኦሊያንደር ዘመድ ስለሆነ በእሱም ላይ ይጥለዋል። አንድ ሌሊት ቅጠል አያስቀርም።

እሬት ይሻላል (ግንቦት 20)

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? እሬት ትከሉ። ያለ ወሬ ይኖራል። ቃጠሎ ላይም ይቀባል።

የድሬ ልጅ (ግንቦት 20)

እሬት አበባው የት አለ አቦ!

በረንዳ ጀሞ (ግንቦት 21)

😂 እሬትም አለኝ። ችግኝ አፍዪ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አፈሩን በምን ልቀይረው? ከየትስ ላግኘው? አሁን ደግሞ የሚያስፈራኝ ነገር አየሁ። ግንዱን ጫን ስለው ትንሽ ለስለስ ይላል። በስብሶ ይሆን?

ችግኝ አፍዪ (ግንቦት 21)

ለስላሳ ሁሉ ብስባሽ አይደለም። ሁለት ዓይነት ለስላሳ አለ።

የጥም ለስላሳ ሁሉም ጋ እኩል ነው። ዙሪያውን ይጫናል፣ ቆዳው ትንሽ ይሸበሸባል፣ ቀለሙ ግን አይለወጥም። እሱ ውሃ ሲያገኝ በጥቂት ቀን ይጠነክራል። የብስባሽ ለስላሳ አንድ ቦታ ላይ ነው። ጣትሽ ይሰምጣል። ቡናማ ወይም ጥቁር ይሆናል፣ አንዳንዴ ይሸታል፣ ውሃ ያዥጎደጉዳል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአፈሩ መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለሆነ አፈሩን ገለጥ አድርገሽ እዪ።

ብስባሽ ከሆነ መፍትሔው ቢላ ነው። ተክሉን ከአፈር አውጪ፣ ሥሩን እጠቢ። ቢላውን በአልኮል ጥረጊ። የበሰበሰውን ቁረጪ። ነጭና ጠንካራ ሥጋ እስክታገኚ ድረስ አትራሪለት፤ ቡናማ ነጥብ ከቀረ ይቀጥላል። በእያንዳንዱ ቁርጥ መሃል ቢላውን እንደገና ጥረጊ። ከዚያ ዝናብና ቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው፣ ነፋስ ያለበት ቦታ አስቀምጪው። ቁስሉ ደርቆ እስኪጠነክር አትትከዪው። አንድ ሁለት ሳምንት አፈር ሳያይ መቆየቱ አይገድለውም። ሆዱ ውስጥ ስንቅ አለው።

አፈሩ፦ እኔ የምጠቀመው ፑሚስ ነው። ብሎኬት የሚሠሩ ሰዎች ጋ አለ፣ ከስምጥ ሸለቆ በመኪና የሚመጣው ቀላል ድንጋይ። አንድ ማዳበሪያ ጆንያ ለምነሽም ቢሆን ይሰጡሻል። በወንፊት ነፊው። ዱቄቱን ጣይው፣ ሽንብራና ባቄላ የሚያህለውን ብቻ አስቀሪ። ሁለት እጅ ፑሚስ፣ አንድ እጅ ሻካራ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት። ለልስን የሚሆነው ደቃቅ አሸዋ አይሆንም፣ ክፍተቱን ይደፍነዋል። ውሃ ስታፈሺበት ወዲያው ከታች መውጣት አለበት። ከላይ ከተኛ ኮምፖስቱ በዝቷል።

ፖቱ የሸክላ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ሸክላ ይተነፍሳል። ሰፊና ጠለቅ ያላለ። ቀዳዳ ከሌለው አይረባም፣ ምንም ቢያምር። ከሥሩ ሰሃን አታስቀምጪ፤ ካስቀመጥሽም የተጠራቀመውን ውሃ ድፊ።

አፈር ስትቀይሪ ሥሩ ስለሚቆስል በዚያው ቀን አታጠጪ። ጥቂት ቀን ይቆይ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። «አዲስ ተተከለ፣ ውሃ ይጠማዋል» ብሎ ያርሰዋል።

አዳማ ነኝ (ግንቦት 22)

እዚህ አዳማ ክረምቱን ሙሉ ውጪ ዝናብ ላይ ትቼዋለሁ፣ ምንም አልሆነም። ግን አፈሬ ከሞላ ጎደል ድንጋይ ነው፣ ከተማውም ሞቃት ነው። ዝናቡ ብቻውን አይገድለውም ለማለት ያህል ነው። የሚገድለው ዝናብና ብርድ ሲገናኙ ነው።

የመድኃኒት ቤቷ (ግንቦት 22)

ስለ ልጅቱ ማንም አልመለሰም፣ እኔ ልመልስ። አዎ፣ መርዝ ነው። ቀልድ የለውም። ፋርማሲስት ነኝ።

በተክሉ ውስጥ ልብ ላይ የሚሠሩ መርዞች አሉ። ለልብ ሕሙማን በጥንቃቄ ተለክቶ ከሚሰጠው ዲጎክሲን ጋር የሚመሳሰል ሥራ ነው የሚሠሩት። የልብን ምት ያዛባሉ። መረንዝን የምታውቁ ትኖራላችሁ፣ ድሮ ለቀስት መርዝ የሚወጣበት ዛፍ። የበረሃ ጽጌረዳ የእሱ ቤተሰብ ነው። የራሱም ጭማቂ በብዙ የአፍሪካ አካባቢዎች ለቀስት መርዝ ሲያገለግል ኖሯል። መርዙ በቅጠሉ፣ በግንዱ፣ በሥሩም፣ በዘሩም አለ።

ይህ ማለት ግን ቤት አይገባም ማለት አይደለም። አጠገቡ መቀመጥ፣ ማሽተት፣ መንካት አይገድልም። አደጋው መብላት ነው። እንዲሁም ሲቆረጥ የሚወጣው ጭማቂ ዓይን ወይም ቁስል ሲነካ። ስለዚህ ሕፃን የማይደርስበት ከፍታ ላይ ይቀመጥ። የረገፈውን ቅጠልና አበባ በየቀኑ ልቀሚ፣ ምክንያቱም ሕፃን የሚያነሳው መሬት ላይ ያለውን ነው። ስትቆርጪ ጓንት አድርጊ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ቢላውንም ወደ ወጥ ቤት አትመልሺው።

ልጅ ቅጠሉን ካኘከች አፏን በውሃ አጠቢና ወዲያው ወደ ሕክምና ውሰጃት፣ ከተክሉ ቁራጭ በላስቲክ ይዘሽ። ሐኪሙ ምን እንደበላች ማየቱ ጊዜ ያተርፋል። አታስመልሻት። «ወተት አጠጧት፣ ያረክሰዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። በወተት ተማምናችሁ ቤት እንዳትቆዩ።

የድሬ ልጅ (ግንቦት 22)

እውነቷን ነው። እኛ ጋ ያሉ አርብቶ አደሮች ጭማቂውን ለግመል መዥገርና ቅማል ይጠቀሙበታል ሲባል ሰምቻለሁ። ፍየል እንኳን፣ ሁሉን የምትበላው ፍየል፣ ስታልፈው ታያለህ። ቅጠሉ ላይ የቆመ ፌንጣ ግን አይቻለሁ፣ እሱን እንዴት እንደቻለው አላህ ይወቅ።

የድሮ ካርታ (ግንቦት 24)

ትንሽ ታሪክ ልጨምር፣ ካሰለቻችሁ እለፉት። ተክሉን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው ፔር ፎርስኮል የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው፣ የታላቁ ስዊድናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ የሊኔየስ ተማሪ። የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዓረብ አገር ከላከው ቡድን ጋር ሄዶ የመን ውስጥ በ1763 በወባ ሞተ። ከቡድኑ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነው። ጽሑፉን አምጥቶ በ1775 ያሳተመለት እሱ ነው። ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ፎርስኮል የኦሊያንደር ወገን መስሎት በዚያ ወገን ስም መዘገበው። አዴኒየም ኦቤሰም የሚለውን የዛሬውን ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1819 ነው። ኦቤሰም በላቲን ወፍራም ማለት ነው።

ጽጌረዳ የተባለው እንዲያው ለውበቱ ነው እንጂ ከጽጌረዳ ጋር አይዛመድም። ከቁልቋልም ጋር አይዛመድም። ሶቆጥራ ደሴት ላይ ያለው ዘመዱ ደግሞ ሰው የሚያህል፣ ከዚያም የሚበልጥ ግንድ አለው። ዛሬ በየገበያው የምናየው ድርብርብ አበባ ያለው ዓይነት ታይላንድና ታይዋን ላይ ተዳቅሎ የወጣ ነው። ከኛ ጓሮ ወጥቶ እስያ ዞሮ በውድ ዋጋ ይመለስልናል።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ግንቦት 25)

ከሜሪላንድ ነው። እዚህ ያለን ሰዎች ቀላሉ ሕግ ይሄ ነው፦ ሌሊቱ ከ50 ፋራናይት ሲወርድ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ከ10 ሴልሺየስ። ብዙ ጊዜ ጥቅምታችን አካባቢ ይገባል፣ ግንቦት ላይ ይወጣል።

ውስጥ ሲገባ ሁለት ምርጫ አለ። ወይ አስተኙት፦ ቀዝቀዝ ያለ ግን ከ10 ዲግሪ የማይወርድ ክፍል፣ ውሃ ከሞላ ጎደል የለም፣ ቅጠሉ ይረግፋል። ወይ አታስተኙት፦ የማሳደጊያ መብራት፣ ሙቀት፣ ውሃ። በመሃል ማንጠልጠል ነው ጥፋቱ። ብርሃን በሌለው መስኮት ሥር፣ ሂተሩ እያሞቀው፣ ውሃ እየጠጣ የሚከርም ተክል ቀጭን ረጃጅም ቅርንጫፍ ያወጣል። ያስቀይማል።

የሂተሩ ደረቅ አየር ቀይ ሸረሪት ያመጣል። በዓይን በጭንቅ የምትታይ ናት። ቅጠሉ ላይ ደቃቅ ቢጫ ነጠብጣብ፣ ከጀርባው ደግሞ ስስ ድር ካያችሁ እሷ ናት። እኔ ገላ መታጠቢያ ውስጥ አስገብቼ የቅጠሉን ጀርባ በሻወር ነው የማጥበው። ያን ጊዜ አፈሩን በላስቲክ እሸፍናለሁ። ጥጥ የሚመስል ነጭ ነገር መጋጠሚያው ላይ ካያችሁ ደግሞ ሌላ ተባይ ነው፤ በአልኮል የነከራችሁትን ጥጥ ይዛችሁ አንድ በአንድ።

በረንዳ ጀሞ (ግንቦት 27)

አወጣሁት። ብስባሽ አልነበረም! ሥሩ ግን በጥቁሩ አፈር ተጨፍልቆ እንደ ገመድ ተጠምዝዟል። አጠብኩት። የሚገርመው፣ ከአፈር በታች ያለው ሥር ከላይ ከሚታየው ሆዱ ይወፍራል። ከፍ አድርጌ ብተክለው ያ ሁሉ ውፍረት አይታይም ነበር?

ችግኝ አፍዪ (ግንቦት 27)

እሱ ነው የሥራው ውበት! አፈር በቀየርሽ ቁጥር ጣት ያህል ከፍ አድርጊው። አዲስ የተገለጠው ቆዳ ግን ጥላ የለመደ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ቀጥታ የቀትር ፀሐይ አታስመቺው፣ ይቃጠላል። ቀስ በቀስ አለማምጂው። በዚህ መልክ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ከፍ እያደረጉ ነው እስያውያኑ ያንን ሁሉ ሥር አደባባይ ያወጡት።

ሲረል ገበሬ (ሰኔ 2)

ጥያቄ አለኝ፣ ክሩን ላበላሽ። ከጓደኛዬ ተክል ቅርንጫፍ ቆርጬ ተክዬ ጸደቀ። ሆድ ግን አያወጣም። ለምን?

ችግኝ አፍዪ (ሰኔ 2)

ቅርንጫፍ ሲተከል ይጸድቃል፣ ያብባልም። ያ ሆድ ግን ከዘር የበቀለው ላይ ነው በደንብ የሚወጣው። በቅርንጫፍ የተባዛ ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ ዱላ ሆኖ ይቀራል። ትንሽ ሊወፍር ይችላል፣ እንደዚያኛው ግን አይሆንም።

ዘር ከፈለግህ፣ ፍሬው ሁለት ሁለት ሆኖ እንደ በሬ ቀንድ ነው የሚወጣው። ሲበስል ይሰነጠቅና ዘሩ በሁለት ጫፉ ባለው ጸጉር ተንሳፍፎ ይሄዳል። ስለዚህ ሳይፈነዳ በፊት በክር ጠበቅ አድርገህ እሰረው። ዘሩ ትኩስ ሲሆን ነው የሚበቅለው። ከቆየ ተስፋ የለውም። ሙቀት ይፈልጋል፣ 27 እስከ 30 ዲግሪ ካገኘ በሳምንት አካባቢ ብቅ ይላል። እዚህ ከተማ ከሆንክ መጋቢትን ጠብቅ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ድርብርብ አበባ ካለው ተክል ዘር ወስደህ ያንኑ አበባ እንዳትጠብቅ። እነዚያ የሚባዙት በማዳቀያ ቢላ ነው፣ ተራውን ግንድ እግር አድርገው ሌላውን ከላይ በመለጠፍ። አንዳንድ መንገድ ዳር የሚሸጥ ሰው የአምስት ቀለም ዘር ፎቶ እያሳየ የጎመን ዘር የሚመስል ነገር ይሸጣል። ሰማያዊ የበረሃ ጽጌረዳ የሚባል የለም። ፎቶው ነው ሰማያዊ።

በረንዳ ጀሞ (ነሐሴ 11)

ወንድሞቼ እህቶቼ፣ አንድም ቅጠል የለውም። ባዶ እንጨት ነው። ከሰኔ ወዲህ አንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃ ነው አልፎ አልፎ የሰጠሁት። ባለቤቴ «ጣይው፣ ሞቷል» ይላል።

የድሬ ልጅ (ነሐሴ 11)

ባለቤትሽን ጣይው! 😄

ችግኝ አፍዪ (ነሐሴ 11)

ግንዱ ጠንካራ ነው? ቆዳውን በጥፍርሽ ትንሽ ቧጨር ስታደርጊው ከሥሩ አረንጓዴ ነው? እንግዲያው ተኝቷል። አትንኪው፣ ውሃም አትጨምሪ። ቅጠል የሌለው ተክል ውሃ የሚያወጣበት የለውም። ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው፦ አሁን የሚያሳዝንሽ ጊዜ ነው የሚገድለው ጊዜ።

በረንዳ ጀሞ (ጥቅምት 23)

አረንጓዴ ነው። ትናንሽ ቅጠሎች ጀምሯል። ግን ሌሊቱ በጣም በርዷል። ላስገባው?

ሲልቨር ስፕሪንግ (ጥቅምት 23)

ማታ አስገቢ፣ ጠዋት አውጪ። ሰልችቶሽ ከሆነ ከበረንዳው ሲሚንቶ ወለል አንሺው ቢያንስ። ፎቶሽ ላይ መሬት ላይ ነው። ሲሚንቶ ሌሊት ይበርዳል፣ ሥሩን ነው የሚመታው። እንጨት ወይም ብሎኬት ላይ አስቀምጪው፣ ከግድግዳው አጠገብ። ግድግዳው የቀኑን ፀሐይ ይዞ ያመሻል።

በረንዳ ጀሞ (የካቲት 28)

አበባ አይደለም ገና፣ ግን እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ቅጠል ተነስቷል። ውሃ ጨምሬያለሁ፣ ስንጥሩ ደርቆ በወጣ ቁጥር። አንዱ ቅርንጫፍ ብቻውን ወደ አንድ ጎን ረዝሟል። ልቁረጠው?

ችግኝ አፍዪ (የካቲት 29)

ጊዜው አሁን ነው። ቁረጪው። ከተቆረጠው በታች ሁለት ሦስት አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል። አበባ የሚመጣው ደግሞ በአዲሱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ስለሆነ ቅርንጫፍ ሲበዛ አበባ ይበዛል። ጓንትሽን አትርሺ። ከቆረጥሽ በኋላ ቁስሉ ላይ ውሃ እንዳይደርስበት።

ማዳበሪያም አሁን ይቻላል። ዩሪያ እንዳትሰጪው ብቻ፤ ቅጠል ብቻ ያወጣና ግንዱን ያላላዋል። ለአበባ የሚሆነውን፣ ከተጻፈው መጠን በግማሽ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ። ግንቦት ሲያልቅ አቁሚ። በቂ ፀሐይ ካላገኘ ግን ማዳበሪያም አይረዳውም። በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ቀጥታ ፀሐይ ካላየ አበባ አትጠብቂ። ያንቺ የከሰዓቱ ብቻ ስለሆነ ፖቱን ወደ በረንዳው ጫፍ ግፊው፣ ፀሐይ ቀድማ የምትደርስበት ጋ። የልጅቱን ነገር ግን እያሰብሽ።

የሻርጃ ሰገነት (መጋቢት 3)

እኔ ለፋሲካ ልመጣ ነው። እዚህ በጣም የሚያምር ድርብርብ ቀይ አለ። ሥሩን አጥቤ ሻንጣ ውስጥ ጠቅልዬ ባመጣስ? ያለ አፈር ሳምንት ይቆያል ብላችኋል።

ችግኝ አፍዪ (መጋቢት 3)

ተክሉ ጉዞውን ይችላል። ወረቀቱ ነው ጉዳዩ። ተክልም ዘርም ድንበር ሲሻገር ከሚወጣበት አገር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፣ ከሚገባበት አገር ደግሞ የማስገቢያ ፈቃድ። ቦሌ ላይ ያለ ወረቀት ከተገኘ ይወረሳል። ሕጉም ያለ ምክንያት አልወጣም። አንዲት ነጭ ጥጥ መሳይ ተባይ ሥሩ ውስጥ ተደብቃ ብትገባ ያንቺ ፖት ላይ ብቻ አትቀርም። ወረቀቱን ማውጣት ከቻልሽ አምጪ፣ ካልቻልሽ ፎቶውን ላኪልን።

የሻርጃ ሰገነት (መጋቢት 4)

ገባኝ። ችግኝ ቤቱን ጠይቄያቸው ነበር፣ ወረቀቱን የሚያወጡት በብዛት ለሚጭን ነጋዴ ብቻ ነው አሉኝ። እንግዲያው ያንን ተራውን ሮዝ ከእናንተ እገዛለሁ። ከዘር የበቀለ፣ ሆድ ያለው፣ ፑሚስ ላይ የተተከለ ይሁን። በመረሬ የተተከለ አልቀበልም!